አህያዋ ከተበላች ተረቱን ማን አወራው?

በዚህ አገር ጅብ የለም። ሁላችንም አህያ ነን። ቆይ፣ አትቆጡ! በአዘቦት ቀን ሰውን አህያ ብትሉት አንገታችሁን አንቆ ይይዛችኋል፤ ይህን አጥቼው አይደለም። ተረት ሲነገር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያቺን ወንዝ ዳር የተበላችውን ምስኪን አህያ ለመሆን የማንሻማ ማን አለን? የቢሮ አለቃዬ እንኳ ስድስት ሠራተኛ ሲግጥ ውሎ፣ ከበላይ አንዲት ጥያቄ ስትመጣበት፣ «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አለች አህያ» ብሎ እንባ ሲተናነቀው በዓይኔ አይቻለሁ። እሺ፣ ሁላችንም አህያ ከሆንን አህያዋን ማን በላት?

ተረቱን ለረሳ ላስታውስ። ጅብና አህያ ወንዝ ወርደው ውሃ ይጠጣሉ። ጅቡ ከላይ ነው፣ አህያዋ ከታች። ጅቡ ቀና ይልና፣ «አንቺ፣ ምን ቆርጦሽ ነው ውሃዬን የምታደፈርሺብኝ?» ይላታል። ከታች ያለ የላዩን እንዴት ያደፈርሳል? ውሃ ሽቅብ ይፈሳል እንዴ? አህያዋ ግን ክርክር አላበዛችም። ነገሩ ቀድሞ ገብቷታልና «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። እሱም እንዳለችው አደረገ።

እኔ ይህን ተረት ሰምቼ ሁልጊዜ አህያዋ ነበርኩ። ነበርኩ ማለቴን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመጣበታለን።

የምኖረው ሰበታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ስንከራተት ኖሬ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ሰበታ ዳገቱ ላይ ጎጆ ቀለስኩ። አየሩ ልዩ ነው። እይታው ልዩ ነው። የቧንቧ ውሃው ግን እንደ ሩቅ ዘመድ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይልና «መጣሁ፣ ደህና ናችሁ?» ብሎ ይሄዳል። ያኖረን የቅርብ ጎረቤት ነው። ከእኛ ግቢ ዝቅ ብሎ ያለው ቤት የኦቦ ደበላ ነው፤ የአካባቢው ነባር ሰው፣ ሰባ ዓመት የዘለሉ ሽማግሌ ናቸው። በገዛ እጃቸው የቆፈሩት ጉድጓድ አላቸው። ጀሪካን የሚጭንላቸው አንድ አህያም አላቸው። የገባን ሰሞን አስቱን፣ ማለትም ባለቤቴን፣ ጠርተው፣ «ጎረቤት ጠምቶት እኔ ጉድጓድ ከድኜ ልቀመጥ? ቅጂ፣ ልጄ» አሏት። ስድስት ዓመት ሙሉ ቀዳን። አንድ ቀን ፊታቸው አልጠቆረም።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከነገሩ ጋር ብዙም አይገናኝም። መኪና አለችኝ። ትንሽ ናት፣ ቀይ ናት፣ ሞተሯ ከተኛ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። ሥራ የምሄደው በታክሲ ነው። ቢሆንስ? የማትሄድ መኪና አትታጠብም ያለው ማነው? እሑድ እሑድ ጠዋት ቢጫ ቦት ጫማዬን አጥልቄ፣ ባልዲዬን ይዤ፣ እያፏጨሁ ከጣሪያዋ እስከ ጎማዋ አጥባታለሁ። ንፅህና የእምነት ግማሽ ነው ይባላል። እጣቢው ግቢዬን ጭቃ እንዳያደርገውም ዘንድሮ በዶማ ቆንጆ ቦይ አውጥቼለታለሁ፤ በአጥሩ ሥር ሹልክ ብሎ ወደዚያ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም። እጣቢ ከሄደ ሄደ ነው እንጂ ማን ይሸኘዋል?

እንግዲህ ወደ በደሌ ልግባ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ከኦቦ ደበላ ጉድጓድ የሚቀዳው ውሃ ጠባዩን ቀየረ። ይሸታል፣ አረፋ ያወጣል። ሻይ ብናፈላበት ሻዩ ጢም አበቀለ። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በአጥሩ ላይ ባንጠራራ ምን አያለሁ? አህያቸው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ለሃጩን ያዝረከርካል! ተያዘ። የአህያ ለሃጭ ነው የሚያጠጡን ማለት ነው። የሰፈር ሱቅ ገብቼ አወራሁ። ለቅሶ ቤት አወራሁ። ከሁሉ ከሁሉ በታክሲ ውስጥ አወራሁ። ከአየር ጤና ሰበታ መንገዱ ሲጨናነቅ ለአንድ በደል ከበቂ በላይ ጊዜ አለ። ወያላው ራሱ ታሪኬን በቃሉ ይዞት፣ እኔ ስደክም እሱ ይቀጥልልኝ ነበር።

ወሬ እግር አለው። ኦቦ ደበላ ጆሮ ደረሰ። ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? ቢሳደቡ በወደድኩ። እሳቸው ግን አስቱን ጠርተው፣ ዓይኗን እንኳ ሳያዩ፣ «ልጄ፣ የቆሸሸ ውሃ ለጎረቤት አይሰጥም፤ ነውር ነው» አሉና ጉድጓዱ ክዳን ላይ ቁልፍ አደረጉበት።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ውሃ ከቦኖ ሆነ። ቦኖው ሩቅ ነው፣ ሰልፉ ደግሞ ከመንገዱ ይረዝማል። አስቱ ጀሪካን እያንጠለጠለች ዳገት በወጣች ቁጥር በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ትሰበስብና «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ትለኛለች። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ቢያንስ አህያነታችንን አምናለች። አንድ እሑድ ግን እሷ ከቦኖ ካመጣችው ውሃ አንዲት ጀሪካን፣ አንዲት ብቻ፣ ወስጄ መኪናዋን ሳጥብ አየችኝ። ምን እንደነካት እንጃ፣ ጀሪካኗን መሬት ላይ ዷ አድርጋ፣ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ከኦቦ ደበላ ታርቄ ጉድጓዱን ካላስከፈትኩ እሑድ ጠዋት ሶስናን ይዛ ሱሉልታ እህቷ ዘንድ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ሱሉልታ፣ አለች፣ ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ነው የሚወጣው። አስቱ ዛቻ አታውቅም። እሷ የምታውቀው ፕሮግራም ነው። ሶስና የአሥር ዓመት ልጃችን ናት፤ አንድ ናት፤ ያለሷ ያ ቤት ምን ቤት ነው? ፈራሁ። እውነቴን ነው።

በማግስቱ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የቡራዩ ሰው ተቀመጠ። ሰበታ ለጉዳይ የሚሄድ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ጀመረ። እናንተ ሰበታዎች ዘንድ ነው አሉ፣ አለኝ፤ አንድ ሰው የሽማግሌ ጉድጓድ ለዓመታት ሲጠጣ ኖሮ፣ ራሱ አቆሽሾት፣ ዞሮ ሽማግሌውን በየታክሲው ያማል። ወሬው ቡራዩ ድረስ መጥቶ እኛን አቃጠለን፣ አለ። እኔም ደሜ ፈላ! የት ነው ያለው ይህ ሰው? ፈጣሪውን አይፈራም? እንዲህ ያለውን ነበር ከሰፈር ማስወጣት! ታክሲው በሙሉ ረገመው። ከሁሉ አስበልጬ የረገምኩት እኔ ነኝ። ስወርድ ደግሞ፣ «ለካ ከእኔም የባሰ የተበደለ አለ፣ አይ ሰበታ፣ ስንት ጉድ አለ!» እያልኩ ለማላውቃቸው ሽማግሌ አዘንኩላቸው።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ሶስና የቤት ሥራ ይዛ መጣች። መምህርቷ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ተረት ምረጡና እስካሁን ባልተነገረበት አፍ ንገሩት፤ ቦታውንም ሄዳችሁ እዩ፣ ብላ አዛለች። ሶስና የጅቡንና የአህያዋን መረጠች። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ኑሮዬን ተረት አድርጋ ልትጽፈው ነው! ከዚያ ሻይዋን እየጠጣች፣ ይህን ተረት ለሰው ያወራው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አህያዋ ናታ፣ አልኳት። አህያዋማ ተበልታለች፣ አለች። እንግዲያው ጅቡ ነው፣ አልኳት። ጅቡ ለምን ራሱን ያጋልጣል፣ አለች። ሕዝቡ ነው፣ አልኳት። ሕዝቡ እዚያ ከነበረ አህያዋ ስትበላ ለምን ዝም አለ፣ አለች። ሻይሽ ይቀዘቅዛል፣ አልኳት። አስቱ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል።

በእርግጥ ግን ማነው ያወራው? እስቲ እናንተም አስቡት። ከበላተኛውና ከተበላችው በቀር በቦታው ማንም አልነበረም። የሞተ አያወራም፣ የበላ አያምንም። እኔ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማሁትን ተረት ከማን እንደሰማሁት አላወቅሁም! ቢጨንቀኝ ሶስናን፣ አንቺ ለማንኛውም በአህያዋ አፍ ጻፊው፤ በደሉ ይግባ፤ ጎረቤት የምትባለዋን ቃል ጣል አድርጊበት፤ ብዬ መከርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ልጆች ራሳቸውን ሲነቀንቁ እሺ ማለታቸው ሳይሆን አባዬ አሁን ይብቃህ ማለታቸው መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሯን ይዛ አንዴ ወደ ቦዩ፣ አንዴ ወደ አጥሩ፣ አንዴ ወደ ኦቦ ደበላ ግቢ ትመላለስ ጀመር። ጎበዝ፣ አህያውን እያጠናች ነው አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ለሽምግልና ተቀመጥን። ቦታው የኦቦ ደበላ ግቢ ነው፣ ወንበሩ የእድሩ ፕላስቲክ ወንበር። መሐል ላይ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወርቁ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ በግራና በቀኛቸው ሁለት ጋቢ የለበሱ የአገር ሽማግሌዎች። እኔ ዝናብ ስለጣለ ቦት ጫማዬን አጥልቄ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ በትሕትና እያዘገምኩ ገባሁ። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል የሚለው ተረት ያን ሰዓት ለምን ትዝ እንዳላለኝ አላውቅም። ኦቦ ደበላ ተነስተው «አካም ቡልቴ?» አሉኝ። ተጣልተንም ሰላምታ አላስቀሩብኝም።

የሽምግልና ወጉ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም ነው። ይህን ወግ አብዝቼ ተጠቀምኩበት። ከአህያው ለሃጭ ጀመርኩ፤ በንፅህና፣ በጉርብትና፣ በዘመኑ ክፋት በኩል ዞሬ ወደ ተረቱ ደረስኩ። «እንግዲህ አባቶቼ፣ እኔ የምለው አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ነው» ብዬ ድምፄን ሰበር አድርጌ ጨረስኩ። አንደኛው ሽማግሌ ነቅተው «ጨረሰ?» አሉ።

የኦቦ ደበላ ተራ ሆነ። እሳቸው ብዙ አላወሩም። «ይህን ጉድጓድ ሠላሳ ዓመት ጠጣሁት፣ አረፋ አይቼበት አላውቅም። አህያዬ ነው ሲባል፣ ይሁን ብዬ መናገሻ ጫካው ግርጌ ወንድሜ ዘንድ ሰደድኩት። እነሆ ሦስት ሳምንት ሆነው። ባለፈው እሑድ ክዳኑን ብከፍት ውሃው አሁንም አረፋ ነው። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዋቃ ያውቃል። ደግሞ አህያው ናፍቆኛል» አሉና ተቀመጡ። የመጨረሻዋን ሲናገሩ ወደ ባዶው ጋጣ ዞር ብለው ነበር።

እኔ ግን መች እበገራለሁ! የአህያ ለሃጭ ቶሎ አይለቅም፣ አልኳቸው። ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ምስክር ያለው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አለ አልኩ። ልጄ ጉዳዩን በጽሑፍ አጥንታዋለች፤ በአህያዋ አፍ ሆና ጽፋዋለች፤ ሕፃን ደግሞ አይዋሽም፤ ትቅረብልኝ! ብዬ ሶስናን በገዛ አፌ አስጠራሁ። አስቱ ከበሩ ላይ ሆና በዓይኗ ተወው፣ ተወው ትለኛለች። አበረታታችኝ ብዬ ቀጠልኩ።

ሶስና መጣች። ደብተሯን ገለጠች። ጉሮሮዋን ጠረገችና አነበበች። እንዲህ ነው የሚለው፤ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ።

«እኔ ውሃ ነኝ። አህያዋ ተበልታለች፣ ጅቡ አያወራም፣ ስለዚህ ተረቱን ያወራሁት እኔ ነኝ። እኔ ከላይም ከታችም ስለምሄድ ሁሉንም አያለሁ። ጅቡ የሚኖረው ከላይ ነው። እሑድ ሲሆን ቢጫ ቦት ጫማ ያደርጋል። አንዲት የማትሄድ ቀይ ነገር አለችው፣ እኔን ይደፋባታል። ሲያጥባት ያፏጫል። ዱቄት ሳሙና ይጨምርብኛል፣ አረፋ እሆናለሁ። ከዚያ እሱ በቆፈረው ቦይ እወርዳለሁ፣ በአጥሩ ሥር አልፋለሁ፣ መጀመሪያ ወደ ተቀዳሁበት ጉድጓድ ተመልሼ እገባለሁ። አህያው ያሸተኛል፣ ያስነጥሰዋል፣ ለሃጩም ይወርዳል። ጅቡ ከላይ ሆኖ ውሃዬን ማን አደፈረሰው ብሎ ይጮሃል። ግን ጅቡ ክፉ አይደለም። ልጁን ይወዳታል። ወደ ታች አይቶ ስለማያውቅ ነው።»

በመጀመሪያ ጋሽ ወርቁ እግሬን አዩ። ቀጥለው ሁለቱ ሽማግሌዎች እግሬን አዩ። ቢጫ ነው። ወንበሩ ሥር ልደብቀው ብሞክር ቦት ጫማ ምኑ ይታጠፋል! ዳገቱን ቀና ብለው ሲያዩ ደግሞ ቀይዋ መኪናዬ እንደ ሰንደቅ ታበራለች፤ ታጥባለቻ። ቦዩም አለ፣ በዶማዬ ያሰመርኩት፤ ከዚህ ከታች ሲታይ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ አፍ ተስቦ ይመጣል። ስድስት ዓመት እዚያ ሰፈር ስኖር ቤቴን ከኦቦ ደበላ ግቢ ሆኜ አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ የቡራዩው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ያ የረገምኩት ሰው! ወይ ጉዴ! ራሴን ነው ለካ ታክሲ ሙሉ ሕዝብ አስተባብሬ ያስረገምኩት።

አፈርኩ። ቀልዱን ትተን፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያን ጊዜ እሺ እላት ነበር። ተነስቼ ኦቦ ደበላ ጉልበት ላይ ወደቅሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ አልኳቸው። አባቴ፣ አላወቅሁም። እሳቸው ትከሻዬን ይዘው ሊያነሱኝ ሲሉ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ብሰጋ፣ ለካ ሳቃቸውን ይዘው ነው። «ወራቤሳ!» አሉ በኦሮምኛ፤ ጅብ ማለታቸው ነው። ከዚያ ግቢው በሙሉ ፈነዳ። ሶስና ብቻ አልሳቀችም፤ ደብተሯን ዘግታ፣ ይቅር በሉት እንጂ፣ እያለች ኦቦ ደበላን ትለምን ነበር።

ፍርዱ አጭር ነበር። ቦዩን ዛሬውኑ እደፍናለሁ። የጉድጓዱን ውሃ እስከ ጭቃው ድረስ በባልዲ ቀድቼ እደፋለሁ፣ ንጹሑ እስኪመነጭ። ነገ እሑድ ደግሞ በመኪና ማጠቢያዬ ሰዓት፣ መናገሻ ጫካው ግርጌ ድረስ በእግሬ ሄጄ አህያውን በክብር ወደ ቤቱ እመልሳለሁ። በታክሲ አይሆንም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ጋሽ ወርቁ፣ አህያ ታክሲ አይሳፈርም፣ አንተም ለጊዜው ብትቆይበት ይሻላል፣ አሉ። ያን ቀን ከጉድጓዱ ውሃ እኩል የራሴን ላብ ደፋሁ። ወደ ማምሻው ኦቦ ደበላ ከዝናብ ያጠራቀሙትን ሁለት ጀሪካን ውሃ እኔን አስይዘው ለአስቱ ሰደዱ። አስቱ ጀሪካኖቹን ተቀብላ ለሱሉልታ ያሸገችውን ሻንጣ ፈታች።

በማግስቱ አህያውን እየነዳሁ፣ ይልቁንስ እሱ እኔን እየነዳኝ፣ ሰበታ ከተማ ገባሁ። አስፋልቱ መሐል ደርሶ አልሄድም አለ። ከኋላ አንድ ታክሲ ክላክሱን ይለቅብኛል። በመስኮት ብቅ ያለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ የቡራዩው ሰው! ወዲያው አወቀኝ። በታላቅ ድምፅ፣ ያ ሽማግሌውን የሚያማው ክፉ ሰው ተገኘ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተገኝቷል፣ አልኩት፤ ተፈርዶበታልም። እሰይ፣ የእጁን ነው ያገኘው! አለ። እኔም የእጁን ነው አልኩ። አህያው ይህን ሲሰማ ረክቶ መንገዱን ቀጠለ።

ዛሬ ጉድጓዱ ደህና ነው፣ ሻዩም ጢሙን ተላጭቷል። መኪናዬን ዝናብ ያጥባታል። ያላለቀው የሶስና ቤት ሥራ ብቻ ነበር። መምህርቷ አርማ ስትመልስላት ልጄ አኩርፋ መጣች። ከአሥር ስምንት ተሰጥቷታል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፣ «በጣም ቆንጆ ነው፤ በውሃው አፍ መነገሩ ጎበዝ ያሰኝሻል። ጅቡ ግን ተጋኗል። የተቀዳበትን ውሃ መልሶ አቆሽሾ ሌላውን የሚከስ እንዲህ ያለ ሞኝ ጅብ አይኖርም። ሁለት ማርክ ቀንሻለሁ። ወላጅ አንብቦ አስተያየት ይስጥበት» ይላል።

በሕይወቴ አንድ ሰው ቢሟገትልኝ የማላውቃት መምህርት ትሁን? ብታውቁ እንዴት እንዳጓጓኝ! ዝም ብዬ ብፈርም ስሜ ጸዳ ማለት ነው፤ በትምህርት ቤት ደረጃ እንዲህ ያለ ጅብ የለም ተብሎ ተወስኗል። ሶስና ግን አጠገቤ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ሁለት ማርኳን ነው የምትጠብቀው። እስክሪብቶ አነሳሁና፣ «ጅቡ አልተጋነነም። እንዲያውም ልጅቱ አዳልታለታለች። ማርኳ ይመለስላት» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

አስቱ በትከሻዬ በኩል ስታነብ ቆየችና እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ ከእኔ ፊርማ ሥር ሌላ መስመር ጨመረች፦ «እውነት ነው፣ እመሰክራለሁ። የጅቡ ሚስት።»